ስለ መጸዳጃ ቤት መዘጋትና ስለ መከላከያው

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ስለ ጣሪያውና ስለ ግድግዳው ያስባል፤ ስለ መጸዳጃው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ከተዘጋ በኋላ ነው። የተዘጋ መጸዳጃ ጉዳቱ ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን መጸዳጃው ሲዘጋ ሰው ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ዝንብም ከሜዳው ወደ ምግብና ወደ ሕፃናት ዓይን ይመላለሳል። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦ፣ የሆድ ትላትልና ትራኮማ የሚዛመቱት በዚህ መንገድ ነው።

የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ካንጋተን በኦሞ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች በሆነ ቆላ ላይ ትገኛለች። ሙቀቱ ብርቱ ነው። በሜዳና በወንዝ ዳር የተጣለውን ሁሉ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ኦሞ ያወርደዋል፤ ኦሞም ወደ ዳሰነች አገር ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ በካንጋተን የተዘጋ መጸዳጃ በታች ያለውንም ጠጪ የሚመለከት ነው።

መዘጋትን ለመከላከል የመጸዳጃውን አሠራር ማወቅ ይገባል። በውሃ የሚሠራ መጸዳጃ ከመቀመጫው ሥር ጠማማ አንገት አለው። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ካገኘበት ከዚያ ጊዜ ወዲህ ይህ አንገት ውሃ ይዞ በመቅረት ሽታንና ተባይን ሲያግድ ኖሯል። ፍሳሹ ከዚያ በቱቦ ወደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይሄዳል። በጉድጓዱ ውስጥ ከባዱ ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ይሰፍፋል፤ በመካከል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ይወጣል። ለዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ዝቃጩን እየበሉ ያሳንሱታል። በዚህ ሥራ ሁሉ ተሸካሚው ውሃ ነው፤ ውሃ ከተነፈገው ሰገራው ባለበት ይቀራል፤ በቆላ ሙቀትም ደርቆ እንደ ጭቃ ጡብ ይጠነክራል።

የመዘጋት ምክንያቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። 1ኛው የውሃ ማነስ ነው። ለአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ በአንድነት መድፋት ያስፈልጋል፤ በጥቂት በጥቂቱ ማንጠባጠብ ግን አያስኬደውም። ውሃ ሩቅ በሆነበት አገር የልብስና የገላ እጣቢን አጠራቅሞ ለዚህ ማዋል መልካም ነው። 2ኛው የማይገባ ነገር መጣል ነው፤ ድንጋይ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጨርቅ፣ ላስቲክና የሕፃናት መጠቅለያ በውሃ አይሟሙም። 3ኛው የቱቦው አቀማመጥ ነው። ዐሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መዝቀዝቀዝ አለበት፤ የወንዝ ዳር አሸዋና ደለል የገባበት ቱቦም ቶሎ ይሞላል።

የተዘጋውን ለመክፈት አስቀድሞ መጸዳጃውን ከአገልግሎት ማስቆም፣ ጓንት ማድረግና የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ከሩቅ ማየት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ከሞላ ችግሩ በጉድጓዱ ወይም በማስረጊያው ነው፤ ካልሞላ ግን በቱቦው ነው። ቱቦው ሲዘጋ ሳሙና የተበጠበጠበት ሙቅ (ያልፈላ) ውሃ አፍስሶ ጥቂት ሰዓት መቆየት፣ ቀጥሎም በላስቲክ መግፊያ ወይም በሚተጣጠፍ ዘንግ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ነው። በረኪና ከባትሪ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋልና። በረኪና ማብዛትም ዝቃጩን የሚያሳንሱትን ሕዋሳት ይገድላል። ዝቃጩና ሰፋፊው ተደምረው የጉድጓዱን ሢሶ ከያዙ ማስመጠጥ ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ማንም ሰው ወደ ጉድጓድ አይግባ። ከብስባሹ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኃይል ያደነዝዛል፤ ሰውየውም ሽታው የጠፋ መስሎት ሳለ ይወድቃል። ወንድሙን ለማውጣት የሚገባውም እንዲሁ ይሞታል። የወደቀ ሰው ቢኖር ሳይገቡ እርዳታ መጥራት ነው እንጂ ተከትሎ መውረድ ጀግንነት አይደለም።

የኦሞን ሸለቆ ለማየት ከሚመጡት መንገደኞች አንዳንዶቹ መኝታና መጸዳጃ ባለው መኪና ይጓዛሉ። የእነዚህ መኪኖች ማጠራቀሚያ ማስረጊያ ስለሌለው ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል። የማፍሰሻው መዝጊያ ተከፍቶ ከቆየ ውሃው ቀድሞ ያመልጣል፤ ሰገራውም እንደ ክምር ድርቆ ይቀራል። ስለዚህ መዝጊያውን ዘግቶ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከፈሰሰም በኋላ በታቹ ጥቂት ውሃ መተው ያስፈልጋል። የደረቀ ክምር ቢኖር ውሃ ሞልቶ ማሳደርና በማግሥቱ ቀስ ብሎ እየነዱ ውሃው እንዲንገላታ ማድረግ ያላቅቀዋል። ይህን ፍሳሽ ግን በወንዝ ወይም በመንገድ ዳር መድፋት ሕዝብን መበደል ነው፤ ለፍሳሽ በተዘጋጀ ጉድጓድ ብቻ ይደፋል።

የጉድጓዱም ስፍራ መመረጥ አለበት። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ታቹም ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም፤ እንደዚህ ያለ ውሃ በወንዝ ዳር የተቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ገልብጦ ይዘቱን በመንደሩ ላይ ይዘራዋል።

መምህራን በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠኑ፣ በሽታን ከመድኃኒት አስቀድሞ በንጽሕና መከላከል እንዲቻል ታስቦ ነበር። በትምህርት ቤት መጸዳጃ አጠገብ ውሃ የሞላ በርሜል ከነጣሳው፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃም ይቀመጥ። በተለይ በሴቶች ልጆች መጸዳጃ ይህ ዕቃ ከሌለ የወር አበባ ጨርቅ ወደ ቱቦው መጣሉ አይቀርም፤ ቱቦው ሲዘጋም ልጃገረዲቱ እያፈረች ከትምህርቷ ትቀራለች። ዕቃው እንዲኖር ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው እንጂ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ወደ ቤትህ ወይም ወደ ትምህርት ቤትህ ስትሄድ ሦስት ነገር ተመልከት፤ ውሃው በአጠገቡ አለን? የቆሻሻው ዕቃ ክዳን አለውን? የጉድጓዱስ ክዳን ልጅ እንዳይገባበት የጸና ነውን? ከነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሳይዘጋ አሁኑኑ አሟላው፤ አንድ ጣሳ ውሃ በጊዜው መድፋት ከአንድ ቀን ቁፋሮ ይቀላልና።