ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ፓወር ሰፕላይ

ለሥነ ሕንፃ ንድፍ፣ ለፊልም ቅንብር ወይም ለኅትመት ዝግጅት የሚውል ዎርክስቴሽን ኮምፒውተር ለመግዛት የተነሳ ድርጅት ከየመደብሩ የሚሰበስበው ፕሮፎርማ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ፕሮሰሰሩ ከነሞዴል ቁጥሩ፣ ሜሞሪው በጊጋባይት፣ የግራፊክስ ካርዱ ከነሙሉ ስሙ ይዘረዘራል። ፓወር ሰፕላዩ ግን «600 ዋት» ተብሎ ይታለፋል፤ አንዳንዴም «ከኬዙ ጋር» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ምክንያቱ የገበያ ነው። በፕሮፎርማ ውድድር የሚያሸንፈው ዝቅተኛው ጠቅላላ ዋጋ ሲሆን፣ ሻጩ ገዢው በስም የሚያውቀውን ፕሮሰሰር ዝቅ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ የሚቀንሰው ገዢው ከማይጠይቀው ዕቃ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ይህ ፈተና ይበልጥ ከብዷል። በሌላ በኩል ግን ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቶ የግራፊክስ ካርዱን ይዞ ቢጠፋ፣ ካርዱ የሚተካው በዚሁ አዲስ ተመን ነው። የፓወር ሰፕላይ ዋስትናም በተለምዶ ራሱን ፓወር ሰፕላዩን ለመተካት እንጂ አብሮት ለተቃጠለው ዕቃ የሚከፍል አይደለም።

የዕቃው ሥራ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። ከሦስቱ ዋናው 12 ቮልቱ ነው። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ብዙው ኃይል የሚሄደው በ5 ቮልት በኩል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ለፕሮሰሰር የተለየ የ12 ቮልት መሰኪያ በደረጃው ከተካተተ ወዲህ ግን ፕሮሰሰሩም ሆነ የግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልት ነው።

በመሆኑም ገዢው ማንበብ ያለበት በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን በዕቃው ጎን የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ላይ በ12 ቮልት ረድፍ የተጻፈውን አምፔር በ12 ማባዛት በቂ ነው። 62 አምፔር ከሆነ 744 ዋት ይሆናል፤ ይህ 750 ዋት ነኝ ለሚል ዕቃ የሚታመን ቁጥር ነው። ካርቶኑ 600 ዋት እያለ ሠንጠረዡ 30 አምፔር ካለ ግን በ12 ቮልት በኩል ያለው 360 ዋት ብቻ ነው፤ ቀሪው የዛሬ ማሽን እምብዛም በማይጠቀምበት በኩል የተደመረ ነው። ሠንጠረዥ ጨርሶ የሌለውን ዕቃ መመለስ ይሻላል። በእጅ መዝኖ መግዛት የሚወዱም አሉ፤ ነገር ግን ሳጥን የሚያከብደው ብረት ሁሉ ኃይል አይሰጥም።

የሚያስፈልገውን መጠን ማስላት ከባድ አይደለም። ኮር አይ7 14700ኬ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በከፍተኛ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት፣ አርቲኤክስ 4070 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ደግሞ 200 ዋት ይወስዳሉ። ለማዘርቦርድ፣ ለሜሞሪ፣ ለዲስኮችና ለማራገቢያዎች 80 ዋት ቢያዝ ድምሩ 533 ዋት ነው። ማሽኑ ምስል ሲያቀናብር ለሰዓታት በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ በመሆኑና የግራፊክስ ካርድም ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ የሚስብ በመሆኑ 30 በመቶ ሲጨመርበት 690 ዋት ገደማ ይመጣል፤ በገበያ የሚገኘው ቀጣይ መጠን 750 ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ጉዳት ባይኖረውም ገንዘብ ያስራል። «ትልቅ ዋት ቆጣሪ ይበላል» የሚለው የተለመደ ስጋት ግን መሠረት የለውም፤ ፓወር ሰፕላይ የሚስበው ማሽኑ የጠየቀውን ያህልና በመለወጥ ሂደት የሚባክነውን ብቻ ነው።

የብክነቱን መጠን የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «80 ፕላስ» የተባለው ምልክት ነው። ማሽኑ 300 ዋት ሲፈልግ 80 በመቶ ብቃት ያለው ዕቃ ከግድግዳ 375 ዋት፣ 90 በመቶ ያለው ደግሞ 333 ዋት ይስባል። በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ቢሮ ልዩነቱ በአንድ ማሽን 125 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ገዢው ይህን በራሱ ታሪፍ አባዝቶ ከዋጋው ልዩነት ጋር ማወዳደር ይችላል። አንድ ማሽን ላለው ሰው ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ አሥራ አምስት ማሽን ለሚያሠራ ስቱዲዮ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ምልክቱ የሚለካው ብቃትን እንጂ የዕቃውን ዕድሜ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት።

መብራት ከፍና ዝቅ ለሚልበት ቢሮ ከዚህም የሚበልጥ አንድ መስመር በሠንጠረዡ ላይ አለ፤ እሱም የመግቢያ ቮልቴጅ ነው። «100-240» የሚለው ዕቃ ቮልቴጁ ወደ 160 ቢወርድ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል። «200-240» የሚለው ግን በዚያ መጠን ለመሥራት የተሠራ አይደለም፤ ማሽኑም ያልተቀመጠ ሥራ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ከኋላው «115/230» የሚል ትንሽ መቀያየሪያ ያለበት አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ በ115 ላይ ሳለ 220 ቮልት ላይ መሰካት ማለት ወዲያው ማቃጠል ነው። 110 ቮልት ከሚጠቀሙ አገሮች የሚመጡ ማሽኖችን የሚገዙ በተለይ ይህን ሳያዩ መሰካት የለባቸውም።

ዩፒኤስም የሚገዛው በዚሁ ስሌት ነው። 1000 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 600 ዋት ያህል ነው። ከላይ የተሰላው ማሽን በሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ከግድግዳ 590 ዋት ያህል ስለሚስብ፣ ሞኒተር ሲጨመርበት ዩፒኤሱ ከአቅሙ ያልፋል። መብራት በሄደ ቅጽበት አብሮ የሚጠፋበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በቪኤ ሳይሆን በዋት ነው፤ ለዚህ ማሽን 900 ዋት የሚችል ያስፈልጋል።

ያገለገሉ የታዋቂ ኩባንያዎች ዎርክስቴሽኖችን ለሚገዙ የሚጨመር ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ቅርጽና መሰኪያ ያለው በመሆኑ ከሱቅ በተገዛ ተራ ዕቃ አይተካም፤ ተለዋጩ መገኘቱ ከክፍያ በፊት መረጋገጥ አለበት። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ሲቀየርም የአሮጌውን ገመድ በአዲሱ ላይ መሰካት አይገባም፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አቀማመጥ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል። በፕሮፎርማውም ሆነ በደረሰኙ ላይ የፓወር ሰፕላዩ ስም፣ ሞዴል ቁጥርና የ12 ቮልት አምፔር እንዲጻፍ መጠየቅ ለገዢው ምንም ወጪ የለውም።