ሸክላውና ሰሚው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ወደ ኋላው ሲተው ካፖርቱን እያወለቀ ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የይፋት ቆላ ወበቅ ይቀበለዋል፤ በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ክምርና የማንጎ ጥላ ያያል። ወጌን በሙቀት የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን የሙዚቃ ሸክላ ነው፤ ሸክላም ከሙቀት የከፋ ጠላት እምብዛም የለውም።

ባለፈው ፋሲካ ሴት አያቴን ለመጠየቅ ወደዚያው ወርጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጉዞዬ ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ ሸክላ መሰብሰብ ጀምሬአለሁ፤ በአያቴ ቤትም አንድ ሣጥን ሸክላ እንዳለ አውቃለሁ። ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው ባለቤታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በተመለሱ ቁጥር ለቤቱ ስኳር፣ ለራሳቸው ደግሞ አንድ ሸክላ ይዘው ይገቡ ነበር ይባላል። ስለዚህ ማጫወቻዬን በሻንጣ ይዤ፣ ዓይኔን በሣጥኑ ላይ ጥዬ ነው የሄድሁት።

ሣጥኑ ተከፍቶ ሲቆጠር 41 ሸክላ ተገኘ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ቆጥ ላይ ለብዙ ዓመታት ተጋድሞ የኖረ ስለ ሆነ 17ቱ ተጣመው ነበር። ይህ ለምን እንደሚሆን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ድምፁ በሸክላው ገጽ ላይ እንደ ጠመዝማዛ ትልም ተቀርጿል፤ መርፌው በትልሙ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ዓይነት ሼላክ ከተባለ ሙጫ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ገል ይሰባበራል። ኋላ የመጡት፣ 33 ከሢሶ የሚዞረው ትልቁና 45 የሚዞረው ትንሹ፣ ከቪኒል የተሠሩ ስለ ሆኑ በቀላሉ አይሰበሩም፤ ነገር ግን ሙቀት ያለሰልሳቸዋል። በተጣመመ ሸክላ ላይ መርፌው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይዋልላል።

የቀሩት 24ቱ ግን ደኅና ነበሩ። ደስታዬ ሳያልቅ አያቴ፣ «እነዚህን አንድ ነጋዴ ማክሰኞ መጥቶ ሊወስዳቸው ተስማምተናል» አሉኝ። ገንዘቡም ለአጎቴ የሽንኩርት ማሳ የውኃ ሞተር መግዣ ይሆናል።

ነጋዴው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣበት ምክንያት ረዥም ታሪክ አለው። ዓመታቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1908 የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የሆኑት፣ እዚያው ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ1948 ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት፣ ይህን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ህንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። በዚያው ዓመት አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ካይፋን የመሳሰሉ አሳታሚዎች ለጥቂት ጊዜ ቢቀጥሉም፣ ካሴት እየተስፋፋ ሲሄድ በ1970ዎቹ ማብቂያ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መታተሙ ቆመ።

በ1997 ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እነዚህን ዘፈኖች ለዓለም ማሰማት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በብዙ ገንዘብ ይፈልጓቸዋል። ደላላው በየገጠሩ ቆጥ የሚፈትሸው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ረስቼ ተቆጣሁ። «ቅርስ እንዴት ይሸጣል?» አልሁ። አያቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ የምታዝነው ለሸክላው ነው። እኔ ይህን ሣጥን ከአያትህ ሞት በኋላ ስንት ዓመት አስቀምጬው ኖርሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ‹እስቲ እንስማው› ያለኝ ሰው አልነበረም። አንተም በየበዓሉ ትመጣለህ፤ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማጫወቻዬን ከሻንጣ አወጣሁ።

ሁለት ሌሊት ሰማን። የትንሹ ሸክላ አንዱ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚዘልቅ፣ አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስረዝመው የሚችለው ትዝታ እዚያ ላይ ተሰብስቦ፣ ተጨምቆ ይሰማል። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ተነሥቶ መገልበጥ ግድ ነው። በስልክ ስንሰማ ዘፈኑ እኛ ሌላ ሥራ ስንሠራ ያልፋል፤ ሸክላ ግን አጠገቡ ያስቀምጣል። ደስታውም ከዚህ ይመነጫል።

አያቴ ሸክላዎቹን የሚለዩት በጽሑፋቸው አይደለም፤ ማንበብ አይችሉም። በጭረታቸው ነው የሚያውቋቸው። «ይህን የገዛው አባትህ በተወለደ ሳምንት ነው። ይህን ጭረት ደግሞ ያው አባትህ በአምስት ዓመቱ በማንኪያ ሠራው» ይላሉ። የባቲ ቅኝት ሲሰማ፣ ባለቤታቸው የባቲን ገበያ ባለፉ ቁጥር ይህን ዜማ እያንጎራጎሩ ይነዱ እንደ ነበር አወሩኝ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን የሚገኙ አገሮች ስም መሆኑን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። የአንድ ሾፌር የመንገድ ዜማ መሆኑን ግን የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

ድምፁን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥሁ፤ ንግግራቸውን ደግሞ በደብተር ጻፍሁ። ማክሰኞ ነጋዴው መጣ። አያቴ 19ኙን ሸጡ፤ አምስቱን ለእኔ ሰጡኝ። የውኃ ሞተሩም ተገዛ። ሐዘን አልተሰማኝም ብል ሐሰት ይሆናል፤ ነገር ግን የአጎቴን ማሳ ውኃ ሲጠጣ አይቼ አያቴን መውቀስ አልቻልሁም።

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ፣ በትምህርት ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁት ነው። ሸክላ ያለው ሰው አያጋድመው፣ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ከፀሐይ ያርቀው፤ ሲያነሣውም ጠርዙንና መሐሉን ብቻ ይያዝ። የጥንቱን ባለ 78 በአልኮል አያጽዳው፣ አልኮል ሼላክን ያሟሟዋልና። ይህ ጥንቃቄ ግን ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ከእኔ ዘንድ ያሉት አምስቱ ሸክላዎች የትም ሊገኙ ይችላሉ፤ የማንኪያዋን ጭረት ታሪክ የሚያውቁት ሴት ግን አንድ ናቸው። እንግዲህ በዘመዳችሁ ቤት ሸክላ ብታገኙ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ «እስቲ እንስማው» በሏቸው።