አካባቢን የማይጎዳ ቤት በብር ሲሰላ

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ወይም የሪል ስቴት ቤት የደረሰው ቤተሰብ ቁልፍ በተረከበ ማግሥት ሌላ ትልቅ ወጪ ይጠብቀዋል። የወለል ሴራሚክ፣ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ መጋረጃና ሶፋ ተደምረው «ፊኒሺንግ» የሚባለውን ከባድ ሒሳብ ያመጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተሠርተው ከውጭ ይገባሉ፤ አገር ውስጥ ከሚመረቱትም የከፊሎቹ ጥሬ ዕቃ በዶላር ይገዛል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አልፏል። አስመጪዎች ቀድሞም በትይዩ ገበያ ዋጋ ያሰሉ ስለነበር የሱቅ ዋጋ በዚያው ልክ ባይዘልም፣ ቤት የሚያስጨርስ ሁሉ የምንዛሪው ጫና ተካፋይ ሆኗል።

አካባቢን የማይጎዳ ቤት ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ቅንጦት ይመስለናል። በአገራችን ሁኔታ ግን አካባቢን የሚጠብቀው ውሳኔና የቤተሰብን ኪስ የሚጠብቀው ውሳኔ በአብዛኛው አንድ ናቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ቤት አካባቢን የሚጎዳው ሲሠራና ሲኖርበት ነው። በቀዝቃዛዎቹ የአውሮፓ አገሮች ቤት ለማሞቅ የሚቃጠለው ጋዝ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ ምክራቸው ሁሉ ሙቀት እንዳይወጣ ስለ መከላከል ነው። እኛ ዘንድ ከኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባም በማሽን መሞቅም ሆነ መቀዝቀዝ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ዋናው ጉዳት ያለው በሲሚንቶው፣ በብረቱና በሴራሚኩ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ መሠረት የሆነው ክሊንከር 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ይጋገራል፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ኢንዱስትሪ ይወጣል። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አለመገንባት፣ የቅርብ ዕቃ መጠቀም፣ ደህና ሆኖ የቆመውን አለማፍረስ።

የመጀመሪያው ቁጠባ ከንድፍ ይገኛል፤ ዋጋውም ለአርክቴክት ከሚከፈለው አያልፍም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ትውላለች። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ትንሽ ጥላ ካለው ብርሃን እንጂ ብዙ ሙቀት አያስገባም። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሰፊ መስታወት ግን የጠዋትና የማታ ፀሐይን በቀጥታ ይቀበላል። ግድግዳቸው በሙሉ መስታወት የሆኑ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ በማያስፈልጋት ከተማ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚገዙት ለዚህ ነው። በመብራት በኩልም ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥር ባለ 60 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ፤ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲተኩ 13.5 ብቻ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ በመሆኑ ይህ ልዩነት በየጊዜው ይሰፋል።

ውኃም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች ብንልና 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካለው ቤት 80 በመቶውን ብናጠራቅም 88,000 ሊትር ይሆናል። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ሁሉንም ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሆኖም አንድ ሮቶና አንድ አሸንዳ ለመጸዳጃ፣ ለልብስና ለአትክልት የሚሆነውን የቧንቧ ውኃ ለወራት ይተካሉ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ትልቁ ያልተጠቀምንበት ሀብት ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የቀርከሃ ሽፋን ያላት፣ በዚህም ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። ቀርከሃ በሦስት ዓመት ገደማ ለግንባታ ይደርሳል፤ የደረሰው ሲቆረጥም ከሥሩ ሌላ ይበቅላል። ዝግባና ኮሶ ግን ለመድረስ ረጅም ዕድሜ ይጠይቃሉ። የዶርዜ ሰዎች ቀርከሃ ፈልጠውና ሸምነው የሚሠሩት ቤት ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ግርጌውን ምስጥ ሲበላው የተጎዳው ተቆርጦ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዞማ ሙዚየምም ጭቃና ጭድ በባለሙያ እጅ ምን ያህል ውብ ግድግዳ እንደሚሆኑ በአዲስ አበባ አሳይቷል። ለወለልና ለግድግዳ የአምቦ ድንጋይ፣ ለመጋረጃና ለአልጋ ልብስ የሽሮ ሜዳ ሸማ አለን። ለእነዚህ የሚከፈለው ብር ከድንጋይ ፈላጩ፣ ከሸማኔውና ከቀርከሃ ገበሬው እጅ ይደርሳል።

ሦስተኛው ነገር አለማባከን ነው። ከሪል ስቴት ገንቢው የተረከቡትን አዲስ ሴራሚክ ነቅሎ በሌላ መተካት በከተማችን ተለምዷል። ባለቤቱ ለአንድ ወለል ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ፍርስራሹን ደግሞ ከተማው ይሸከማል። በአንጻሩ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ በር፣ መስኮትና ጣውላ ለሁለተኛ ዕድሜ ሲያበቃ ኖሯል። አሮጌ የእንጨት በር ገዝቶ ማስላግና ማስቀባት ከኤምዲኤፍ በር የተሻለ ዕድሜ ሊሰጥ ይችላል። ቀለም ሲገዛም በሊድ መጠን ላይ የተጣለውን የ90 ፒፒኤም ጣሪያ ማክበሩን መጠየቅ የልጆችን ጤና መጠበቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለው ለምን አልተስፋፋም? ገበያው ስላልተደራጀ ነው። በሚገባ ያልታከመ ቀርከሃ በነቀዝ ይበላል፤ ገዢ ከአንድ መጥፎ ግዢ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ የማከሚያ ጣቢያና ገዢ የሚያምነው የጥራት ምልክት ያስፈልጋል። ባንኮች የመያዣ ግምት ሲያወጡ በአግባቡ የተሠራን የቀርከሃና የጭቃ ግንባታ በጥንካሬው ሊመዝኑት ይገባል። ሪል ስቴት ገንቢዎችም ቤቱን ከማስረከባቸው በፊት ፊኒሺንጉን ለገዢው ምርጫ ቢተዉ ሴራሚክ ነቅሎ መጣል ይቀራል።

መንግሥትና ባንኮች እስኪንቀሳቀሱ ግን ቤተሰብ መጠበቅ የለበትም። ቤትዎን ሊያስጨርሱ ከሆነ ከባለሙያው ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ከየት መጣ፣ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ የሌለውን ዕቃ አይግዙ።