የአንገት እብጠት 2 ሳምንት ካለፈው ለሐኪም ይታይ

የከብታችሁ አንገት ቢያብጥ ምን ታደርጋላችሁ? ወዲያው ይዛችሁ ትዳስሳላችሁ። ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ብላችሁ ታያላችሁ። የራሳችሁ አንገት ሲያብጥስ? ብዙዎቻችን «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» ብለን እንተወዋለን።

እርግጥ ጥርስ ወይም ጉሮሮ ሲታመም ንፍፊት ይወጣል። ሲነኩት ያማል፤ ሕመሙ ሲድን እሱም ይጠፋል። እብጠቱ 2 ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ፣ እያደገ ከሄደ፣ ወይም ደርቆ ሲገፉት አልንቀሳቀስ ካለ ግን ያሠጋል። «አያመኝም» ብላችሁ አትዘናጉ። ክፉው እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም።

ሲጋራ ወይም ጋያ የሚያጨስ፣ ትምባሆ የሚያኝክ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ትምባሆ በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ካንሰር ያመጣል። ካንሰሩም ወደ አንገት ዕጢ ይወርዳል። ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ የአፍ ቁስል አልድን ካለ ቶሎ ሂዱ።

በአገራችን የአንገት ዕጢን የሚያሳብጥ ሌላም በሽታ አለ። ይኸውም ቲቢ ነው። ቲቢ ሳምባን ብቻ አይዝም። እኛ ሁለቱንም «ነቀርሳ» እንላለን፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የዕጢ ቲቢ ብዙ ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ካንሰር ግን ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ይፈልጋል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ሐኪሙ አፍና ጉሮሮን ያያል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ይቀዳል፤ የተቀዳውም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። መርፌውን አትፍሩ። ስንት ዓመት እንዳጨሳችሁም ሳትደብቁ ንገሩት። መድኃኒት ወስዳችሁ እብጠቱ ካልቀነሰ ተመልሳችሁ ሂዱ።

እብጠቱን በጋለ ብረት አታስተኩሱት፤ አታስበጡትም። ቁስል ይጨምራል፤ ጊዜም ይበላል።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ሆስፒታል አለ። ምርመራው እዚያ ካልተገኘ ወደ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ነገር ግን በጊዜ የተገኘ ካንሰር የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። የዘገየ ሰው ያንኑ መንገድ በቃሬዛ ይሄደዋል።

ዛሬ ማታ አንገታችሁን ዳስሱ። ይህንንም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።