ዜና ለራበው የተላከ ዜና

አዳሚ ቱሉ ውስጥ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሚሞሪ ላይም ዘፈን እጭናለሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ቫይረስ ጯሂ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ያደርገዋል፣ ማሽኑን ያንቀራፍፋል፤ ባለቤቱም እየተራገመ ይዞልኝ ይመጣል።

መንግሥታት ለስለላ የሚገዙት ግን ማንንም አይረብሽም። ኮምፒውተሩ እንደወትሮው ይሠራል። ከውስጥ ግን የጓሮ በር ተከፍቶበታል፦ የተደበቀው ፕሮግራም ሩቅ አገር ካለ ሰርቨር ጋር በየጊዜው እየተገናኘ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የስክሪኑን ምስል፣ በኪቦርድ የተጻፈውን ሁሉ፣ ፓስዎርዱን፣ በማይክሮፎኑ የተቀዳውን ወሬ ይልካል። ምንም ያልተበላሸበት ሰው ደግሞ ጠጋኝ ጋ ምን ያመጣዋል?

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የደረሰውን እልቂት በእኛ አካባቢ ያልሰማ ቤት የለም። ሳምንት ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ቆየት ብሎም ከውጭ አገር የሚተላለፉትን ኦኤምኤንና ኢሳት የተባሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መመልከት ተከለከለ። ከእልቂቱ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 24፣ የኦኤምኤን ዋና ዳይሬክተር ለነበረው ለጃዋር መሐመድ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሳለ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ከዚያ በፊትም መሰሎቹ ደርሰውታል። ሊንኩን የነካ ሰው የሚያርፈው ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ በተሠራ ገጽ ላይ ነው። ገጹም ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየር አዘምን ይላል። የሚወርደው የስለላ ፕሮግራም ነው።

እንደ ሙያተኛ ካያችሁት ተንኮሉ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ቪዲዮ የከፈተ ሁሉ ያንን መልእክት ያውቀዋል፤ ደንበኞቼ ለዚሁ ብለው ላፕቶፕ ያመጡልኝ ነበር። (አዶቤ ራሱ ፍላሽን የቀበረው በ2013 ዓ.ም. ነው።) ሰውን የሚያጠምደው ግን ፍላሹ አይደለም። አገር ቤት ስልክ ደውሎ አልነሳ ያለው ሰው፣ ከዚያው አካባቢ የመጣ ቪዲዮ ነው ከተባለ ይከፍተዋል። ውዱን ፕሮግራም ቤት ያስገባው የሰው ጭንቀት ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ኢሜይሎቹ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ለተባለው የምርምር ማዕከል ደረሱ። ተመራማሪዎቹ ሲከታተሉ አንድ አስገራሚ ነገር አገኙ፦ ሰላዮቹ የሰርቨራቸውን የክንውን መዝገብ ማንም እንዲያየው ክፍት ትተውታል! እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ኔትወርክ እንዲህ ትቼ ብሄድ ደመወዜን የሚከፍለኝ የለም። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ መዝገቡን እያነበቡ ቆይተው ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ሪፖርታቸውን አወጡ። የስለላው ሰለባዎች በ20 አገሮች ይገኙ ነበር፤ የኤርትራ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ነበሩበት። መዝገቡ እንዳሳየው አንቀሳቃሾቹ የነበሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሳይበርቢት በወቅቱ የእስራኤሉ የጦር መሣሪያ አምራች የኤልቢት ሲስተምስ ልጅ ኩባንያ ነበር። የራሱ ሠራተኞች ናቸው ተብለው የተገመቱ ሰዎችም ላፕቶፕ ይዘው ሲዞሩ እግረ መንገዳቸውን ተመዝግበዋል፤ ታይላንድ፣ ኡዝቤኪስታን፣ ዛምቢያ፣ ፊሊፒንስ፤ ገበያ ፍለጋ መሆኑ ነው። ኩባንያው ሻጭ ነኝ እንጂ አንቀሳቃሽ አይደለሁም ብሏል።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረው የሚላኑ የሃኪንግ ቲም ምርት ነው። ያ ኩባንያ በ2007 ክረምት ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ወጣ፤ ውስጡም የእኛው የመረጃ መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኢንሳ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ተገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም በተቃዋሚው የግንቦት 7 ቡድን አባላት ፎቶ ተሸፍኖ ተልኳል።

እኛው መሬት ላይም ተሰለለ የተባለ አለ። በቻይና ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ሰርቨሮች ለአምስት ዓመት፣ ሌሊት ሌሊት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ መረጃ ወደ ሻንጋይ ሲልኩ ነበር ሲል የፈረንሳዩ ለ ሞንድ በጥር 2010 ጻፈ። ቻይና ሐሰት ነው አለች።

ደንበኞቼን የምላቸው አጭር ነው፦ አዘምን የሚል መልእክት በኢሜይል ወይም በቪዲዮ ገጽ በኩል ከመጣ አትንኩት፤ ማዘመን ካስፈለገ ከፕሮግራሙ ከራሱ ውስጥ ገብታችሁ አዘምኑ። አንዴ ከገባ በኋላ ግን እኔ ፎርማት ባደርግ ማሽኑ ይጸዳል እንጂ የሄደው አይመለስም።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ይህን ያውቀዋል። በተበከለ የወርድ ሰነድ የገባ ፊንስፓይ ከ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀድቶበታል፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራ ስለ ስፖርት ሕክምና የፈለገውን እንኳ ሳይቀር። ሰውዬው የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 አልተቀበለውም፤ ድርጊቱ የታቀደውና የተመራው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ መክሰስ አይቻልም አለ። የልጁ የቤት ሥራ የተሰረቀው ግን ሜሪላንድ፣ ቤቱ ውስጥ ነው።