የዘፈን ሰምና ወርቅ



ዘፈን በተሰማ ቁጥር «ይህ ነገር ሌላ ፍች አለው» ብሎ ጎረቤቱን በክርኑ የማይጎስም ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። ከቅኔ ቤት እስከ ጠጅ ቤት የኖርንበት ልማድ ስለ ሆነ አያስነቅፍም። ይሁን እንጂ ወርቅ ፈልጎ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ከገዛ ኪስ ያወጡትን ወርቅ «ከዘፈኑ አገኘሁት» ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት ስያሜው ከወጣበት ከአንጥረኛው ቤት መነሣት ይበጃል።

አንጥረኛው ጌጥ ሊሠራ ሲያስብ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀውም ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። እንግዲህ ጭቃው ሲሰበር የሚገኘው ወርቅ የሰሙን መልክ የያዘ ነው እንጂ የሌላ ነገር መልክ ሊኖረው አይችልም። የዘፈን ተርጓሚም የሚገዛበት ሕግ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል ይህችን ስንኝ እኛው አብጅተናታል፤

ቀፎው ሞልቶ ሳለ ከጓሮህ ተሰቅሎ፤
ያ ምስኪን ከደጅህ ቀረ ማር ማር ብሎ።

ሰሙ ንብ ያረባ ጌታና ማር የሚለምን ድኻ ነው። ነገር ግን «ማር» የንብ ማር እንደ ሆነ ሁሉ «ይቅር በል» ማለትም ነው። በዚች አንዲት ቃል ደጅ ጠኚው ምሕረት ለማኝ ይሆናል፤ የሞላው ቀፎም ጌታው መስጠት ሲቻለው የነፈገው ቸርነት ይሆናል። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ፍች ቃል ኅብር ይባላል። ልብ በሉ፤ ከወርቁ ጋራ የተጣላ አንድም ቃል የለም። አንድ ሰው ተነሥቶ «ቀፎው የእገሌ መሥሪያ ቤት ነው» ቢል ግን ማስረጃው የመጣው ከስንኙ ሳይሆን ከራሱ ቂም ነው።

ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ስለማይለይ ዘፈን ከወረቀት ይልቅ በጆሮ ይፈተናል። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አለመድረሱን፥ ጠብቆ ሲነገር የልደትን በዓል ያመለክታል። ግጥሙን አንብቦ ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ያለው ያመልጠዋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እየዞሩ የሚያዜሙትንና ጠንቋዮችን ይዘው እንዲገድሉ አዘዘ። ቋንቋውን የማያውቅ ገዢ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ምን ቸገረው? ሁሉንም ጠላት አድርጎ ቈጠረው።

በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላም የክብር ዘበኛው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ ታስሮ ነበር። «አልቻልኩም» የተባለውን ዘፈኑን ብዙ አድማጭ ከፍቅር ብሶት አሳልፎ ተረድቶታል። ይሁን እንጂ «አልቻልኩም» እንደ «ማር» ሁለት ፍች ያለው ኅብር አይደለም፤ ለአፍቃሪውም ለተበደለውም የሚበቃ ሰፊ ቃል ነው። በዚህ ጊዜ ወርቁን የሚያፈስሰው አድማጩ ነው። ትርጉሙ ከንቱ ነው አንልም፤ ሕዝቡ በዚያ ዘመን ምን በሆዱ ይዞ እንደ ነበር ይመሰክራልና። ዘፋኙ ግን ምን አስቦ እንዳዜመው ከዚያ ብቻ ሊታወቅ አይችልም።