ያልተጻፈውን ማንበብ፦ የአንዲት ዶሮ የሥዕል መጽሐፍ በቅድመ መደበኛ ክፍል

የእርሻ እንስሳትን የሚያሳዩ የሥዕል መጻሕፍት በቅድመ መደበኛ ክፍል ውስጥ በአብዛኛው የሚያገለግሉት ለስያሜ ነው። መምህሩ ሥዕሉን ያሳያል፤ ሕፃናቱ «ላም»፣ «በግ»፣ «ዶሮ» ይላሉ፤ የእንስሳቱን ድምፅ ያስመስላሉ፤ ቀለም ይቀባሉ። ይህ ልምምድ ቃላትን ለማስለመድ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ታሪክ ያለው ከሆነ፣ በስያሜ ላይ ብቻ መቆም ዋናውን ትምህርት ሳይነኩ ማለፍ ይሆናል። እንግሊዛዊቷ ደራሲና ሠዓሊ ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት «ሮዚስ ዎክ»፣ በአማርኛ «የሮዚ ሽርሽር» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ፣ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው።

የመጽሐፉ ጽሑፍ በጠቅላላው 32 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሮዚ የተባለች ዶሮ በእርሻው ግቢ ተዘዋውራ በምግብ ሰዓት ወደ ቤቷ መመለሷን ይናገራል። ሥዕሉ ግን ሌላ ታሪክ ይዟል። አንድ ቀበሮ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ሊይዛት በቃጣ ቁጥርም መሰናክል ይገጥመዋል። ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፤ የሣር ክምር ይጫነዋል፤ ዱቄት ይፈስበታል፤ በመጨረሻም ንቦች ያባርሩታል። ጽሑፉ ስለ ቀበሮው አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍስም።

የመጽሐፉ ትምህርታዊ ኃይል ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። የንባብ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሚክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሥራቸው ይህን መጽሐፍ በምሳሌነት አንሥተው፣ ሕፃናት የንባብን ጠባይ ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ እንደሚማሩ አመልክተዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ቀበሮውን ባየ ጊዜ፣ አንባቢ ጽሑፉ የተወውን ራሱ መሙላት እንዳለበት ይረዳል። ይህ ግንዛቤ ለኋላው የማንበብ ችሎታ ይጠቅማል።

ጉዳዩ ከሕፃናት አስተሳሰብ ዕድገትም ጋር ይያያዛል። ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ልጅ ያስቀመጠው ቸኮሌት እርሱ በሌለበት ቦታው ይቀየራል፤ ተሳታፊዎቹ ሕፃናትም ልጁ ሲመለስ የት እንደሚፈልገው ይጠየቃሉ። ሦስት ዓመት አካባቢ ያሉ ሕፃናት በአብዛኛው ቸኮሌቱ በእርግጥ ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ሌላው ላያውቅ እንደሚችል ገና አልተገነዘቡም። ይህ ግንዛቤ ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ እየጎለበተ ይሄዳል። የሮዚ ታሪክ ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ መለማመጃ ነው፤ ሕፃኑ የሚያየውን ዶሮዋ ያየች አትመስልምና።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር ጽሑፉን ሳያነቡ ሥዕሉን ማየት ነው። ገጹ ከመገለጡ በፊት «ቀበሮው ምን አሰበ? ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያም «ሮዚ ቀበሮውን አይታዋለች?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መጽሐፉ ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሕፃኑ «በምን አወቅህ?» ሲባል ማስረጃውን ከሥዕሉ ማቅረብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ተግባር የጉዞውን መንገድ በአካል መከተል ነው። ገመድ ለኩሬው፣ አግዳሚ ወንበር ለአጥሩ፣ ጠረጴዛ ለንብ ቀፎው መቀመጫ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ሕፃን ሲሄድ ሌሎቹ ጉዞውን በቃል ይገልጻሉ፤ በኋላም መንገዱን በወረቀት ወይም በአፈር ላይ ይሥላሉ።

ይህ ተግባር በአማርኛ በሚማር ክፍል ሲሠራ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ የመንገዱን ጠባይ የሚሸከሙት መስተዋድዶች ስለሆኑ፣ መምህራን መጽሐፉን ለመስተዋድድ ማስተማሪያነት ይጠቀሙበታል። የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ እንዳሳዩት ግን ቋንቋዎች በዚህ ረገድ ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ የጉዞን አቅጣጫ ከግሡ ውጭ ባሉ ቃላት፣ ሌሎቹ በግሡ ውስጥ ይገልጻሉ። አማርኛ «ገባ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ተሻገረ» በመሳሰሉት ግሦች የሁለተኛውን መንገድ አዘውትሮ ይከተላል። ሕፃኑ «ግቢውን አቋረጠች»፣ «ኩሬውን ዞረች»፣ «በአጥሩ ሾለከች» ሲል ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግሡ ነው። «በቀፎዎቹ ሥር አለፈች» በሚለው ውስጥ ደግሞ ስሙ በ«በ» እና በ«ሥር» መካከል ይገባል። ስለሆነም የእንግሊዝኛውን የመስተዋድድ ዝርዝር ቃል በቃል ተርጉሞ ማስጠናት፣ ሕፃኑን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው የግሥ ሀብት ያርቀዋል።

ሦስተኛው ተግባር ታሪኩን በሁለት ተራኪዎች ማስተረክ ነው። አንዱ የሮዚን፣ ሌላው የቀበሮውን ጉዞ ይናገራል። የሮዚ ትረካ አጭርና ሰላማዊ፣ የቀበሮው ረጅምና በመከራ የተሞላ ይሆናል። መምህሩም በዚህ ጊዜ ሕፃናቱ የሚጠቀሙባቸውን የጉዞ ግሦችና «አየ»፣ «አሰበ»፣ «አላወቀም» የመሳሰሉትን የአእምሮ ግሦች በመመዝገብ ዕድገታቸውን ሊከታተል ይችላል።

የመጽሐፉ እርሻ የእንግሊዝ እርሻ በመሆኑ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች ዶሮ በመንጠቅ የሚታወቁት ሸለምጥማጥና ጭልፊት ናቸው፤ መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት «በሰፈራችሁ ዶሮን ምን ይነጥቃታል?» ብሎ መጠየቅ የሕፃናቱን ዕውቀት ወደ ክፍል ያስገባል። በኦ ክፍል አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሕፃናት የሚዳረስ ከሆነም፣ በትንንሽ ቡድን በየተራ ማየት ይመረጣል፤ ቀበሮውን ከሩቅ ያላየ ሕፃን ታሪኩን አላየምና።

ከእነዚህ ተግባራት አንዱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቁት መምህሩ ስለ ቀበሮው አስቀድሞ እንዳይናገር ነው። መምህሩ «ቀበሮው ይኸው» ብሎ የጠቆመ እንደሆነ ሕፃኑ አንድ ስም ይማራል፤ ዝም ብሎ የጠበቀ እንደሆነ ግን ሕፃኑ ያልተጻፈውን ማንበብ ይጀምራል።